ሐዘንተኛዋን ስጠግን

ማክሰኞ

ለእኔ ሰጡኝ! ትልቁን መጋረጃ ለእኔ ሰጡኝ! ከተማ መሃል ላለችው ባለ አራት ማሽኗ ጠላፊ ሳይሆን ለእኔ፣ መስኮቷ ሥር ቁጭ ብላ ለምትጠልፈው ሴት።

ደብተሬ፣ ሰላምታውን ዘለልኩት፤ ይቅር በይኝ። እንደምን ከረምሽ? ከልጄ ሠርግ ወዲህ አንዲት መስመር ሳልጽፍብሽ አቧራ ስትጠጪ ቆየሽ። ዛሬ ግን ለባለቤቴ ነገርኩት፣ ለልጄ ደወልኩላት፣ ደረጃ ላይ ላገኘሁት ጎረቤት ሁሉ አወራሁ፣ አሁንም ወሬው አላልቅ ብሎኝ ወዳንቺ መጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያናችን መቶኛ ዓመት ሊከበር ነው። በበዓል በበዓል ከመሠዊያው ጎን የሚሰቀል የጥልፍ መጋረጃ አለን፤ ዕድሜው ከቤተ ክርስቲያኑ እኩል ነው። ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመውበታል። አንደኛዋ ዘውድ ደፍታለች፣ ጽዋ ይዛለች፣ ቀና ብላለች። ሌላዋ ዓይኗ በጥቁር ጨርቅ ታስሯል፣ አንገቷን ደፍታለች፣ የያዘችው ዘንግ ተሰብሯል፣ ዘውዷ እግሯ ሥር ወድቋል፣ ሁለት የሕግ ጽላት ከእጇ ሊያመልጧት ነው። እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ ደስተኛዋና ሐዘንተኛዋ እንላቸዋለን። ለምን እንደምታዝን ጠይቄ አላውቅም። ሰው ያዝናል፤ ምኑ ይጠየቃል?

ደስተኛዋ ደህና ናት። ሐዘንተኛዋን ግን ከግድግዳው የሚወርደው ውሃና ብል ተባብረው በልተዋታል። አንድ እጇ፣ ትከሻዋና ወገቧ የሉም። የበዓሉ ኮሚቴ ሊቀመንበር ጋሼ ዳይሬክተር ናቸው። ከትምህርት ቤት ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሲናገሩ ግን አሁንም ደወል የተደወለ ይመስለኛል። "እንደነበረች አድርጊልን" አሉኝ፤ "አንድ ክር ሳይጨመር፣ አንድ ክር ሳይቀነስ።" እሺ ጋሼ አልኩ። መጋረጃው ከሦስት ሳምንት በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት በአዳራሹ ለሕዝብ ይገለጣል፣ ከዚያ ቦታው ይገባል።

ደግሞ ከጀርባው፣ በጥግ በኩል፣ የጠጋኟ ስም ይጠለፋል። ስሜ! ለሰው ሠርግ፣ ለሰው ክርስትና፣ ለሰው መጋረጃ ስሰፋ ኖሬ ስሜ የትም የለም።

ረቡዕ

ኪሮሽ ጋ ሄድኩ። ምናልባት አንድ ቀን የልጅ ልጄ ይህን ብታነበው፣ ኪሮሽ የክር ሱቋ ጓደኛዬ ናት፤ እጇ ሥራ ፈትቶ ስለማያውቅ ያወጣሁላት ስም ነው። አይሁዳዊት ናት። ቅዳሜ እሷ ትዘጋለች፣ እሑድ እኔ አልገኝም፤ ስለዚህ ለመጣላት አምስት ቀን ብቻ ነው ያለን እያልን እንሳሳቃለን።

የሐር ክሩን ከነሣጥኑ አውርዳ ቀለም በቀለም አስመረጠችኝ። በእኔ ደስታ ከእኔ ብሳ ተደሰተች። በዓሉ ቅዳሜ ስለሆነ እንዳትቀሪ፣ ከፊት ወንበር ነው የማስቀምጥሽ አልኳት። ፈገግ አለችና "እናያለን" አለች። በጣም ደስ ሳይላት አልቀረም።

ሐሙስ፣ በችኮላ

ንድፉ እምቢ አለኝ። ዓይኑ የታሰረ ሰው ትከሻው እንዴት ነው የሚሆነው? ባለቤቴን ሳሎን መሃል አቁሜ ዓይኑን ባስረው ሁለት እጁን ወደፊት ዘረጋ። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ የነዳ ሰው ምን ያድርግ፣ መሪ ፍለጋ ነው። በሳቅ ፈረስኩ። አይሆንም፣ ሴት ያስፈልገኛል።

ኪሮሽ! አንገቷም ቁመቷም ልክ የሐዘንተኛዋ ነው። ሄድኩ።

ሐሙስ ማታ

ዛሬ የሆነው ነገር አልገባኝም። ልጻፈውና ይግባኝ።

ኪሮሽ ሳትግደረደር እሺ አለች። ደንበኛ ስላልነበረ በሩን ገርበብ አድርጋ መደርደሪያው ፊት ቆመችልኝ። መንጠቆው ላይ ጥቁር ሻሽ አየሁና በሱ ዓይኗን አሰርኩ፤ የተሰበረ የመጥረጊያ እጀታ አስያዝኳት፤ አንገትሽን ደፋ አድርጊ አልኳት። "ፈተና የወደቀች ተማሪ መሰልኩ አይደል?" እያለች ታስቀኛለች። እኔ ወለሉ ላይ ወረቀት ዘርግቼ እስላለሁ። የሚያምር ትከሻ። በሕይወቴ እንደዚያ እጄ ታዞልኝ አያውቅም።

እናቷ እማማ ከጓዳ ብቅ አሉ። ሁልጊዜ ሲያዩኝ "መጣች ወሬኛዋ" ነው የሚሉኝ። ዛሬ አላሉም። ልጃቸውን አዩ፣ እጀታውን አዩ፣ ወረቀቴን አዩ።

"ልጄ፣ እሱን ከዓይንሽ ላይ አውርጂው" አሉ።

አልጮሁም። ይህንን ብቻ ብለው ተመለሱ። ኪሮሽ ሻሹን ፈትታ አጥፋ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ የመዝጊያ ሰዓቴ ነው አለችኝ። ገና ከሰዓት ነበር፤ ፀሐዩ ሱቁ ውስጥ ነበር።

ሻሹ የሟች ባላቸው ማስታወሻ ይሆን? ሳልጠይቅ ነው ያነሳሁት። ወይ ሳቃችን በዝቶ ራሳቸውን አሟቸው ይሆናል። ባለቤቴ ግን "ሥዕሉ ምንድን ነው ብለው ጠየቁ?" አለኝ። አልጠየቁም። ምን አገናኘው?

ሰኞ

አረንጓዴ ክር ልገዛ ሄድኩ፤ እውነቱን ለመናገር አረንጓዴ ክር ሞልቶኛል። ኪሮሽ ጠቀለለችልኝና "ሌላስ?" አለችኝ።

ሃያ ዓመት ስንተዋወቅ "ሌላስ?" ብላኝ አታውቅም። ሌላ ነገር ሳልጠይቃት ራሷ የምታወርድልኝ ሴት ናት።

የሐዘንተኛዋን እጅ ጀምሬያለሁ። ጥሩ እየመጣ ነው። ጥሩ መምጣቱ ደስ አላለኝም።

ማክሰኞ

ጠየቅኳት። መደርደሪያውን ይዤ ቆምኩና ካልነገርሽኝ ከዚህ አልነቃነቅም፣ ደንበኛ ይምጣ፣ ሕዝብ ይምጣ አልኳት። ወደ ጓዳው በር ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ያቺ ሴትዮ እኮ እኛ ነን" አለችኝ።

ባለዘውዷ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ዓይኗ የታሰረው ምኩራባችን ናት አለች። አላየችም፣ ስለዚህ ተጣለች፣ ዘንጓም ተሰበረ ነው ሥዕሉ የሚለው። እማማ ባደጉበት ከተማ የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ በድንጋይ የተቀረጹ እንዲህ ያሉ ሁለት ሴቶች ነበሩ። እማማ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በዚያ ነበር መንገዳቸው። ልጆች በሻርፓቸው ዓይናቸውን አስረው፣ እጃቸውን ዘርግተው እየተደናበሩ ከኋላ ከኋላቸው ይከተሏቸው ነበር። ሰፈሩ ይስቃል።

እኔም ልጃቸውን ይዤ፣ ዓይኗን አስሬ፣ ስስቅ ነው ያገኙኝ።

ኪሮሽ ራሷ "አላወቅሽም፣ አውቃለሁ አላወቅሽም" እያለች አጽናናችኝ። እሷ እኔን!

ረቡዕ ማታ

ወደ ካህናችን ወደ አባ ሄድኩ። ጥያቄዬን ሳልጨርስ ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩት። የሐዘንተኛዋን ትርጉም ያውቁ ነበር። በየበዓሉ በፊቷ ሲቀድሱ እያወቁ ዝም ማለታቸውን፣ መጋረጃው ራሱ በእርጅናው ቢያልፍ ይሻላል ብለው እንደነበር ነገሩኝ። "ከዚያ አንቺ መጣሽና ልታድኚው ነው" አሉኝ፤ ስቀው አይደለም፣ ግን ወደ ሳቅ የሚጠጋ ነገር ነበረው።

ከዚያ እውነት እንደዚያ ነው ወይ አልኳቸው። ተጥለዋል ወይ? እኔ በስተርጅና ኪሮሽን የተጣለች ብዬ ልጥለፋት ወይ?

አባ ብዙ ተናገሩ፤ ያልረሳሁትን ልጻፍ። አባቶቻችን ለብዙ ዘመን እንደዚያ ብለው ሰብከዋል አሉ፤ አሮጌው ኪዳን በአዲሱ ተተክቷል፣ ቤተ ክርስቲያን ገብታለች ምኩራብ ወጥታለች እያሉ። ከዚያ ስብከት ብዙ ክፉ ነገር ተቀድቷል አሉ። ባለፈው ክፍለ ዘመን የዓለም ጳጳሳት ሁሉ በተሰበሰቡበት በታላቁ ጉባኤ ግን ቤተ ክርስቲያን ወደ ጳውሎስ ተመልሳ አነበበች። ጳውሎስ ራሱ አይሁዳዊ ነው፤ እግዚአብሔር የሰጠውን ስጦታ መልሶ አይቀማም፣ የጠራውንም አልጠራሁህም አይልም ይላል። እኛ በጥሩ ወይራ ላይ የተከተብን የዱር ቅርንጫፍ ነን፤ ቅርንጫፍ ሥሩን ይሸከማል እንዴ? ሥሩ ነው ቅርንጫፉን የሚሸከመው። የክርስቶስን ሞትም በያኔው አይሁድ ሁሉ ላይ፣ በዛሬዎቹም ላይ መጫን አይቻልም፤ የሰቀለው የሁላችን ኃጢአት ነው። እመቤታችን አይሁዳዊት፣ ሐዋርያቱ አይሁድ፣ ጌታም በስምንተኛው ቀን የተገረዘ አይሁዳዊ ነው። ርዕሳነ ሊቃነ ጳጳሳቱም ከዚያ ወዲህ ያ ኪዳን አልተሻረም እያሉ በግልጽ አስተምረዋል።

የስቅለት ዓርብንም ጸሎት አስታወሱኝ። የእግዚአብሔርን ቃል አስቀድመው የሰሙት በኪዳኑ ታማኝነት እንዲያድጉ እንጸልያለን። በየዓመቱ አሜን ብዬበታለሁ። ኪሮሽን አስቤ ግን አንድም ቀን።

"ታዲያ ክርስቶስስ?" አልኳቸው፤ "ለሁሉም ነው የመጣው አይደለም እንዴ?" ለሁሉም ነው አሉ፤ ይህንን ቤተ ክርስቲያን አትተወውም። የእነሱ ኪዳን እንደጸና መሆኑንም አትተወውም። ሁለቱ እንዴት እንደሚገጥሙ እግዚአብሔር ያውቃል። "እኔ እስከ መጨረሻው አልገባኝም፤ ያልገባኝን ደግሞ በሰው ዓይን ላይ አላስርም" አሉኝ።

ይህን ስሰማ አለቀስኩ። እሳቸው መሐረብ ፍለጋ ኪሳቸውን ዳበሱ፤ ያገኙት የመነጽር መጥረጊያ ነበር።

ሐሙስ

ጋሼ ዳይሬክተር ጋ ሄድኩ። ሻሹ ባይኖርስ ብዬ ለዘብ አድርጌ ጀመርኩ። ለዘብ ማለት ከእኔ አይመጣም፤ ሁሉንም አንዴ ዘረገፍኩት።

የአባቶቻችን ሥራ ነው አሉ። መቶ ዓመት የቆመን ነገር እኛ መጥተን አንነካካውም። አባ የሚሉትን እሳቸውም አንብበዋል፤ ትምህርቱ ትምህርት ነው፣ ቅርስ ቅርስ ነው። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ጠጋኝ ነው የፈለግነው፤ ካልሆነልሽ ባለ አራት ማሽኗ አለች" አሉኝ።

ስመለስ መንገዱን ሙሉ መልስ ስመልስላቸው መጣሁ።

ቅዳሜ

ከማክሰኞ ወዲህ መጋረጃውን አልነካሁትም። አሁን በእውነት ልንገርሽ ደብተሬ? ስሜን አሰብኩ። ከጀርባ፣ በጥግ በኩል፣ በትንሹ። ሰው ሁሉ ሐዘንተኛዋ እያለ ኖሯል፣ ትርጉሟን ማን ያውቃል፣ ብጠግናትና ዝም ብልስ? ለኪሮሽ እምቢ አሉኝ እላታለሁ። እውነትም እምቢ ብለዋል።

ከዚያ ደግሞ የክር ሱቁ ዝግ መሆኑ ትዝ አለኝና ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ። ቅዳሜ! እኔ ሴትዮ ከፊት ወንበር አስቀምጥሻለሁ ያልኳት ቅዳሜ ነው። "እናያለን" ብላኝ ፈገግ ስትል በጣም ደስ አላት ብዬ እዚሁ ጽፌያለሁ። ሃያ ዓመት የሳቅንበትን ቀን ረሳሁት።

ሰኞ

ለባለ አራት ማሽኗ ስጧት ልል ወስኛለሁ። ማንም ይጥለፋት፣ እኔ ግን አልጠልፋትም። ባለቤቴ "ስምሽስ?" አለኝ። ኪሮሽ ስትጠራኝ ይበቃኛል አልኩት። ከተናገርኩት በኋላ ራሴ ደነገጥኩ፤ ግን ቀለል አለኝ።

ነገ እመልሰዋለሁ። እንዲሁ ብል እየበላው ግን አልመልሰውም፤ ጠርጌ፣ የላላውን ይዤ ነው የምሰጣቸው። ሥራ ሥራ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት

መርፌዬን ጥዬ ነው የምጽፈው።

የዓይኗ ሻሽ ጥልፍ አይደለም! እስከዛሬ እዚያው ላይ የተጠለፈ ይመስለኝ ነበር። ለብቻው የተቆረጠ ጥቁር ጨርቅ ነው፣ ከላይ ተደርቦ ጠርዝ ጠርዙን የተሰፋ። የተሰፋበት ክር በስብሶ ስለነበር ስጠርገው በአንድ በኩል ተላቀቀ። መልሼ ልይዘው ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ላጠናክር ብዬ ገለጥ ባደርገው፣ ዓይን አየኝ።

ዓይን። ከነቅንድቡ፣ ከነሽፋሽፍቱ። ሁለቱም። ቡናማ፣ የነቃ፣ ትንሽ የሚስቅ። ያ የዱሮ ጠላፊ ሙሉ ፊት ነው የሠራው፤ ሻሹ በኋላ የመጣ ነው። ደግሞ ቀለሙ! ደስተኛዋ መቶ ዓመት ብርሃን መጥጧት ገርጥታለች፤ እነዚህ ዓይኖች ግን ብርሃን ስላልነካቸው ትናንት የተጠለፉ ይመስላሉ። በመጋረጃው ላይ ከሁሉ የደመቁት እነሱ ናቸው።

ባለቤቴን ጠራሁት። ጎንበስ ብሎ አየና፣ "አንቺ ዝም ስትይ ዛሬ ገና አየሁ" አለኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት

አልመለስኩትም። ጋሼ ዳይሬክተርን ቤቴ ጠራኋቸው። አንድ ቃል ሳልናገር መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ጨርቁን ገለጥኩላቸው።

መነጽራቸውን አደረጉ። አወለቁት፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ባለቤቴ ሻይ አምጥቶ አስቀመጠ፤ ሻይው ቀዘቀዘ።

"እነዚህም የአባቶቻችን ሥራ ናቸው ማለት ነው" አሉ በመጨረሻ።

አዎ ጋሼ አልኩ።

ከዚያ ተማሪያቸው ትክክለኛ መልስ የሰጠባቸው ይመስል ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። እንደነበረች አድርጊ ብዬሻለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም አሉኝ፤ እንደነበረች አድርጊያት። ሻሹን አጥፈሽ ለአባ ስጪ፣ ይቀመጥ፣ አይጣል፤ ምን አስረንባት እንደነበር ልጆቻችን ይወቁ። ዘንጓስ እንደተሰበረ ይቅር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "ዘንጉን ብል በልቶታል፣ እኔ አላየሁትም" አሉ። እኚህ ሰውዬ ቀልድ ይችላሉ ለካ።

ዓርብ

እማማ ጋ ሄጄ መጣሁ። መጋረጃውን በባለቤቴ፣ በሹፌሬ፣ ትከሻ አሸክሜ ሱቁ ድረስ ወሰድኩት። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እማማ ይቅርታዬን ተቀበልኩ አላሉም፣ አልተቀበልኩም አላሉም። ረጅም ጊዜ ዓይኖቹን ሲያዩ ቆዩ።

አንድ መጋረጃ ምን ይለውጣል አሉ። እኔም አላውቅም አልኳቸው። ከዚያ ጣታቸውን ጽላቶቹ ላይ አሳረፉና፣ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉኝ። የዱሮው ጠላፊ የዕብራይስጡን ፊደል አያውቅም ነበር ለካ፤ የዶሮ ጭረት ነው የሞነጫጨረበት። እማማ ወረቀት አስመጥተው የመጀመሪያዎቹን አሥር ፊደሎች፣ ለአሥሩ ትእዛዛት ቁጥር፣ በዝግታ ጻፉልኝ። ከቀኝ ወደ ግራ ነው፣ እንዳትገለብጪው፣ ከጠለፍሽ አይቀር በወጉ ጥለፊው እያሉ ተቆጡኝ። እንደዚያ ሲቆጡኝ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ልወጣ ስል፣ ምኩራባቸውም መጋረጃ እንዳለው ነገሩኝ፤ የሕጉ ጥቅልል የሚቀመጥበት ፊት የሚጋረድ። ልጅ ሆነው የጠርዙን ስፌት እሳቸው ነበር የሠሩት። የጠርዝ ስፌቴን በጣታቸው ዳሰሱ። "ትንሽ ሰፋ ሰፋ ታደርጊዋለሽ" አሉ። "ወሬኛ ሰው ስፌቱም እንደዚያው ነው።"

ኪሮሽ ከመደርደሪያው ጀርባ ሳቋን አፍና ነበር። ወርቃማ ክር ሳልጠይቃት አወረደችልኝ።

ሐሙስ

አለቀ። ዘንጓ ቀጥ ብሏል፣ ጽላቶቿን ደረቷ ላይ አቅፋለች፣ ዘውዷ ራሷ ላይ ነው። አንገቷን ቀና አድርጌ ትከሻዋን ግን እንዳለ ተውኩት፤ ያ የኪሮሽ ትከሻ ነው። አሁን ሁለቱ ሴቶች እየተያዩ ነው። ደስተኛዋ ከመቶ ዓመት በኋላ የምታወራው ሰው ያገኘች ትመስላለች። ስሟን ማን እንበላት ብለው የኮሚቴው ሰዎች ሲከራከሩ አባ እኅቷ በሏት አሉ።

አንድ ነገር ቀረኝና ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሳልጠራ ገባሁ። ቀኑን ቀይሩልኝ አልኳቸው። ጥሪው ታትሟል፣ አዳራሹ ተይዟል፣ ወንበሩ ተቆጥሯል አሉኝ። ጥሪውን በእጄ አስተካክላለሁ፣ አዳራሹን እኔው እጠርጋለሁ፣ ወንበሩንም ሹፌሬ ይሸከማል አልኩ። ሹፌሬ አልተጠየቀም ነበር። ጋሼ ዳይሬክተር ጠረጴዛውን በእርሳሳቸው መታ መታ አደረጉና፣ "የሴትየዋ ቤተሰቦች በሌሉበት ዓይኗን ልንገልጥ ኖሯል?" አሉ። ማንም እጁን ሳያወጣ ሐሳቤ አለፈ።

እማማ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አልገባም ብለዋል። አዳራሽ ግን አዳራሽ ነው፣ እዚያ እመጣለሁ፣ ምሳዬን ይዤ፣ ከፊት ወንበር ካስቀመጥሽኝ ብለዋል። ከፊት ነው እማማ፣ ከመሃል ከፊት።

ስለዚህ ልጄ ከነባሏ ትምጣ፣ ሥራ አለኝ አትበለኝ። እኅቴ ከገጠር ትምጣ፣ አልጋ አለ። የባለቤቴ ጓደኞች፣ ሹፌሮቹ በሙሉ ይምጡ፣ አውቶቡሱን በር ላይ አቁመው ጥሩምባ ሊነፉ ይችላሉ። ባለ አራት ማሽኗም ትምጣ፣ ስፌቴን ትየው። ሁላችሁም ኑ፣ አንድ ሰው እንዳይቀር፤ ቅዳሜ አይደለም፣ የሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በአዳራሹ፣ እሑድ ነው።